ለቀድሞው እንደራሴ፦ ቃልዎን መልሰው ይውሰዱልን

ከተከዜ ወንዝ በላይ ካለችው ዝቋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.። ሰማዩ ደመና የለውም፤ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ይህን ስጽፍ አብራኝ ያለችው የሟች እህቴ ልጅ የትናየት ናት።

ለክቡር ሚስተር ኔቪል ትራስኮምብ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ለነበሩት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የመንደራችን ዳገት ጉልበትዎን አሞዎት ነበርና ክፉ ነገር እንዳላስከተለብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የተረፍነው ደኅና ነን።

አንደኛ፣ በየካቲት ሲጎበኙን አስተርጓሚው አቶ የኋላሸት «እንደራሴ የነበሩ» ብሎ ሲያስተዋውቅዎ ሽማግሌዎቻችን ከመቀመጫቸው መነሳታቸውን ያስታውሱ ይሆናል። በእነርሱ ዘንድ እንደራሴ ማለት በንጉሥ ፋንታ የሚያዝ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው። ለምን እንደተነሱ ሳይጠይቁ በፈገግታ ስላስቀመጧቸው እናመሰግናለን። ሥጋ እንደማይበሉም ፍየሏ ከታረደች በኋላ ስለነገሩን እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ከፋሲካ በፊት የውኃ ጉድጓድ እንደሚቆፈርና ከቀያችን እንዳንሄድ ሲነግሩን፣ ውኃ ፍለጋ ወደ ተከዜ ለመውረድ የጫኑ ሁሉ አራገፉ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ መንግሥቴ፣ እንደራሴ ተናግሮ ማን እግሩን ያነሳል አሉ። እህቴ ሰገነትም አራገፈች። ከብት ከሚረግጠው ኩሬ ስትቀዳ ከርማ በአተት ሞተች። ፋሲካም አለፈ።

ሦስተኛ፣ የመጡበት የርዳታ ድርጅት ያደለንን የሕይወት ታሪክዎን አነበብሁ። በሞተ እንደራሴ ወንበር በግንቦት ተመርጠው፣ የገና በዓል ሳይደርስ በሌላ ምርጫ ወርደዋል፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ ተነሥተው፣ የባሕር ወፎች ከሰው እጅ ዳቦ እየነጠቁ ስለማስቸገራቸው ተናግረዋል። ወንበሩ ቢያጥርም ማዕረጉ ዝቋላ ድረስ ስላደረሰዎ ደስ ብሎናል።

ይህንኑ ለአቶ መንግሥቴ ባነብላቸው፣ የእንደራሴን ቃል የሚፈታው የራሱ አፍ ብቻ ነው ብለው ተቀመጡ፤ መንደሩም አብሯቸው ተቀምጧል። ስለዚህ ጉድጓድ አልጠይቅዎትም። «እንደራሴ አይደለሁም፤ ሂዱ» የሚል አንድ መስመር በእጅዎ ጽፈው ቢልኩልን፣ እስካሁን ካደረጉልን ሁሉ የሚበልጥ ውለታ ይሆናል።

አገርዎን ለአንድ ወቅት፣ እኛን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያገለገሉትን ክቡርነትዎን እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜዎ ከሥልጣንዎ እንዲረዝም እመኛለሁ።

ደመቀች ወንዳወቅ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ መልስዎ የሚደርስበትን ቀን ስለማላውቅ በማግስቱ ጠዋት የትናየትን ቀሰቀስሁ፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ አበስሁ፣ ቤቱን ዘጋሁ። በአቶ መንግሥቴ ደጅ ስናልፍ እጅ ብነሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ይህን የምጨምረው ተከዜ ዳር ሆኜ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ዞር ብዬ አይቼ ነበር፤ የተከተለን የለም። በአገርዎ ያላገኙትን ታማኝ ሕዝብ እዚህ አግኝተዋልና እንኳን ደስ አለዎት።