በቆጮ ጉድጓድ የቀበርኩት ትርፍራፊ

ኅዳር 5፣ ጠዋት 1፡00
ዛሬም ከምሠራበት ምግብ ቤት ሁለት ባልዲ ትርፍራፊ አመጣሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርኩ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፈንኩ፣ ረገጥኩ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ባለቤቴ አጸደ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቆጮዋን እንዲህ ነበር የምትቀብረው። ጉድጓዱም የእሷ ነው። አፈር ከሆነልኝ ለእንሰቶቿ ነው፤ ከሞተች ወዲህ ቢጫ ሆነዋል። ግን፣ ማስታወሻዬ፣ ይከረፋል። ለምን? ቆጮ እንዲህ አይሸትም።

ኅዳር 6
እትዬ ወርቅነሽ በአጥር ብቅ አሉ። ሻይ ቤታቸው አጥሬ ሥር ነው። "ጋሽ ደምሴ፣ ወንድ የቀበረው ቆጮ እንዲህ ነው እንዴ?" ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ። ደንበኛ ሸሽቷቸዋል። ኅዳር 12፣ ለቅ/ሚካኤል፣ ሰፈሩ ጥራጊውን ሲያቃጥል ጉድጓዱን አስደፍናለሁ አሉ። እውነት አላቸው። እኔ ግን ተናደድኩ። ለትርፍራፊው ነው ወይስ ለአጸደ ጉድጓድ? እሱ ያውቃል።

ኅዳር 7፣ ከሰዓት
ትዕግሥት መጣች፤ ከጎጃም መጥታ እዚህ የተመደበች የግብርና ባለሙያ። ቅጠሉን ገለጠች፣ አፍንጫዋን ያዘች። የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው አለችኝ። ቆጮን የሚያኮመጥጡት ታፍነው ይሠራሉ። ትርፍራፊን ቶሎ አፈር የሚያደርጉት ግን አየር ይሻሉ። እኔ አፍኛቸዋለሁ! አውጥተው ይከምሩት፣ ደረቅ ቅጠልና የጫካ አፈር ይቀላቅሉበት፣ ያገላብጡት አለች። ይተኛሉ ወይ? ብርድ ይሰማቸዋል? በጥያቄ አደከምኳት። "የሚታየውንና የማይታየውን" ብለን ስንጸልይ መላእክትን ብቻ ነበር የማስበው።

ኅዳር 8
ወደ ማንኪራ ጫካ በሚወስደው መንገድ ከቡና ጥላ ሥር ጥቁር አፈር በጆንያ አመጣሁ። ሁሉን አውጥቼ፣ ቀላቅዬ ከመርኩ። ሸተትኩ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ።

ኅዳር 10፣ ጠዋት
እጄን ከተትኩ። ትኩስ! ያለ እሳት ይጨሳል። ሽታው እንደ ጫካ። እትዬ ወርቅነሽን ጠራሁ። እጃቸውን ከተቱ፣ "በስመአብ!" ብለው አወጡ። ደግመው ከተቱ። "ይህንንስ ማን ያቃጥለዋል፣ ራሱ እየነደደ!" በዓይን ስለማይታዩት ሠራተኞች ስነግራቸው ጠየቁ፦ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ ይበሉ ይሆን? አላውቅም። እኔም ጓጓሁ።

ኅዳር 12
አስቀደስኩ። ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኗል፤ ክምሬን ማንም አልነካውም። ጉድጓዱ ግን ባዶውን ቀረ። እትዬ ወርቅነሽ ዛሬ ስሙንም አላነሱም። ልተወው? ለቆጮ ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል? እውነቱን ልጻፍ፦ በቅጠል ስሸፍነው አጸደ አጠገቤ ያለች ይመስለኝ ነበር። ብታየኝ ግን በሳቅ ትሞት ነበር። ትላንት ማታ አንድ የሰፈር ሕፃን የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሲጫወት አይቻለሁ። ወሰንኩ። ነገ ከሥራ በፊት እኔው እደፍነዋለሁ።