ሁለት ድስት በሐይቁ ዳር

ጥቅምት 1 ቀን 1962፣ ቅዳሜ፣ ጧት 12 ሰ.

ሁለቱም ድስቶች ታጥበዋል። ሽንኩርት ልጬ መጨረሴ ነው፤ ዓይኔ እያለቀሰ ነው የምጽፈው፣ ደብተሬ፣ ሐዘን እንዳይመስልሽ። ዘይነባ ግድግዳውን ሁለቴ መታች። ተነሥቻለሁ ማለቷ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስንነጋገር ኖረናል። እኔም ሁለቴ መታሁ።

ዛሬ ገበያ፣ ነገ ገፈርሳ። ወልዴ (ባሌ) እዚያው ነው፣ ተረኛ ዘበኛ። ግድብ ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም ይለኛል። የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ስም የማውጣቱም ሥልጣን የሱ ይመስለዋል። ተራራ መሐል የተኛ ውሃ ሐይቅ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እኔ ሐይቅ ነው የምለው።

ጥቅምት 2፣ እሑድ፣ ማታ

እግሬ አብጧል፣ ልቤ ግን ሙሉ ነው። በጧቱ የአምቦ አውቶቡስ ሄድን። ጋጋኖዎቹ ገና ከዛፍ አልወረዱም፣ ጩኸታቸው ሠርግ ቤት ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ዝዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሣር ይግጣሉ፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ሰማያዊው ብቅ ይላል። አንድ ፈረንጅ እነዚህ ይበላሉ ወይ ብሎ ወልዴን ጠየቀው። ወልዴ ደንግጦ አማተበ። ዘይነባ እስክታነባ ሳቀች።

ከከተማ የሚመጣው ሰው በየእሑዱ እየበዛ ነው። ሣር ላይ ይቀመጣል፣ ወፍ ያያል፣ ይርበዋል። የኛ ቅቅል ይጠብቀዋል። ስድስተኛ ሳምንታችን። ተመስገን።

አሠራራችንን እስካሁን አልጻፍኩልሽም። ድስቱ ሁለት ነው። በኔ ድስት በክርስቲያን እጅ የታረደ፣ በሷ ድስት በእስላም እጅ የታረደ። ቢላዋው ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። እኔ የሷን አልነካም፣ እሷም የኔን አትነካም። መርካቶ ሄደን ስንገዛ አንዳችን ከአንዳችን እንዳንበልጥ ብለን ድስቶቹን አንድ ዓይነት ገዛን! ሁለት ሞኞች። ስለዚህ በዘይነባ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ ካሮጌ ሻሿ የቀደደችው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሐጂ ሸምሱ፣ የባሏ አባት፣ ሥራውን አልወደዱትም። ምራታቸው ከክርስቲያን ጎን ሆና ሥጋ ስትሸጥ ነገሩ ይደባለቃል ባይ ናቸው። ዘይነባ ደግሞ ስሜን ጠርታ፣ አስካለ እንደ ዓይኗ ነው የምትጠነቀቀው ብላ ማለችላቸው። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ብለዋል፣ የሚመጣው እሑድ። እሳቸው ካልፈቀዱ ታቆማለች። ያለ ዘይነባ እኔ ምንም አይደለሁም። ይህን ግን አልነግራትም፣ ትኮራብኛለች።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ኮልፌ፣ ሰፈራችን። ዝናቡ ጨርሶ ሄዷል፣ ጭቃው ደርቋል። ዘይነባ ለሐጂ የሚሆን በግ ስትመርጥ ዋለች። እኔ የሚቀመጡበት ሣር ላይ የሚነጠፍ ሰሌን ተዋስኩ። ለንጉሥ እንኳ እንዲህ አልተዘጋጀሁም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ 1 ሰ. ማታ

ምን አድርጌ ነው የመጣሁት፣ ደብተሬ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ነፋስ ነበር። ሰው አልመጣም፣ ሁለቱም ድስት ሙሉ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዘይነባ ለሰላት ውዱእ ልታደርግ ወደ ውሃው ወረደች። እኔ ጭራሮ ለቅሜ ስመለስ መኪና ቆሟል፤ ሐጂና ሦስት ሽማግሌዎች። ሰላቱን መንገድ ላይ ሰግደው ነው የመጡት፣ ርቧቸዋል። እንኳን ደህና መጡ አባባ አልኩ፣ ሰሌኑን ዘረጋሁ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ። ወደ ድስቶቹ ዞርኩ። ቀዩ ጨርቅ የለም። ከሁለቱም ላይ የለም።

ዘይነባን መጥራት ነበረብኝ። ከሃምሳ እርምጃ አትርቅም። ግን በሐጂ ፊት ድስቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው መምሰል አሳፈረኝ። ጧት የሷ በቀኝ ነበር፣ ይህንን አውቃለሁ። ከቀኙ አወጣሁ። በሉ። ደግመው በሉ። ዘይነባ መጣች፣ ፊቷ በራ። ሐጂ መረቁን፣ ሥራውም ይቀጥል አሉ። እሷንም በመኪናቸው ይዘዋት ሄዱ።

ወልዴ ርቦት መጣ። ከግራው ላወጣለት ስል እጄን ያዘኝ። የዘይነባን ለምን ትነኪያለሽ አለኝ። ለካ እኔ ጭራሮ ስለቅም ጭሱ ስላስቸገረው እሳቱን ሊያስተካክል ድስቶቹን አንሥቶ ቦታ አቀያይሮ መልሷቸዋል። ጨርቁስ? አላየሁም አለ።

ሐጂ የበሉት የኔን ነው።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። የዘይነባ ድስት ሙሉ ሆኖ ቤት ቢገባ ትጠይቀኛለች። የኦቦ ቶለሳ ቤት ከግድቡ ጀርባ ነው፣ ዓሣ የሚያጠምደው ሽማግሌ። ሦስት ውሾች አሉት። ድስቱን ገለበጥኩላቸው። ወልዴ ቆሞ አየኝ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ግድግዳው ሁለቴ ተመታ። እኔም መታሁ። እጄ ከበደኝ።

ዘይነባ ቡና ይዛ መጣች። ሐጂ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቅቅል በልቼ አላውቅም ብለዋል፣ መላው ቤተሰብ እጅሽ ይባረክ እያለኝ ነው ትላለች። አንደኛው ሽማግሌ ለልጁ የኒካህ ድግስ እንድትሠራለት ጠይቋል። ቅመሙን ልትነግራቸው እንኳ እምቢ ብላለች፣ ምስጢር ነው ብላ! የኔ ቅቅል ነው እኮ። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ። የሽንኩርት ነው አልኳት። ሽንኩርት ግን በቤቱ አልነበረም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ወልዴ ዝም በይ ይላል፣ ማንም አያውቅ፣ ማንም አልታመመ። እውነቱን ነው። ብናገር ሐጂ ይቆጣሉ፣ ሥራው ይቀራል፣ ዘይነባ በማለችበት ታፍራለች። ዝም ብል ምንም አይጎድልም። ግን በየጧቱ ግድግዳውን የምትመታልኝ እኔን አምና ነው። ረመዳን ሊገባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀረው። ይህን ሳላወጣ እሷ ጾም አትገባም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ነገርኳት። በሯ ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ።

አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ የኔስ ሥጋ የት ደረሰ? ውሻ በላው አልኳት። የያዘችውን ሲኒ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ሂጂ አለችኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ግድግዳው ዝም። ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ድስት። ለእስላሞቹ እንግዶች ዛሬ የለም አልኩ። አንዷ እናት ልጆቿን ይዛ ተመለሰች፣ ትንሿ እየዞረች ታየኛለች። ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዝዮቹ ግን ስድስት ጫጩት ይዘው ወጡ። ስድስት! ወደ ጎኔ ዞሬ ዘይነባ እይ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሁሉ ነገር በሷ ዓይን ነው ለካ የሚያምረኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዝም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ጧት 12 ሰ. ከሩብ

ሁለት ጊዜ ተመታ። ደብተሬ፣ ሁለት ጊዜ! ከአልጋ ዘልዬ ስነሣ ጉልበቴን መታሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጉልበቴንም እግዚአብሔር ይማረው።

ነገ ሐጂም ይመጣሉ አለችኝ በግድግዳው በኩል። ነግራቸዋለች። ምን እንዳሉ ብጠይቃት ስትመጪ ትሰሚያለሽ አለችኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ ማታ

እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ብታጠብም አልለቅ አለኝ፣ ደስ ብሎኛል።

ሐጂ ብቻቸውን መጡ። ሰሌኑ ላይ ሳይቀመጡ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያላወቅነውን በልተናል፣ እሱ ከአላህ ጋር ያለ ነው፣ ቀላል ነው አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ቢስሚላህ ተብሎ የታረደን ሥጋ ግን ለውሻ መድፋት ምን የሚሉት ነው፣ አስካለ? ራበኝ ያለ ድኻ በኮልፌ ጠፋ?»

አባባ አጥፍቻለሁ፣ ፈርቼ ነው አልኳቸው።

«ማንን? ይቺን?» አሉና ወደ ዘይነባ አመለከቱ። ዘይነባ ሳቋን በሻሽዋ ሸፈነች። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይተው ሐጂ ወደ ውሃው ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ቅቅል የማን እጅ ነበር አሉ፣ እንደ ዋዛ። የኔ ነበር አልኩ። ብቻ ጥሩ ነበር አሉ፣ ዝዮቹን እያዩ። ዘይነባ በክርኗ ጎሸመችኝ፣ አመመኝ። ተገቢ ነው።

ከዚያ ሐጂ ጠየቁ፣ በዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ማንም የማያርደው፣ ሁላችንም የምንበላው ነገር የለም ወይ? ኦቦ ቶለሳ ከሐይቁ ዳር አራት ዓሣ ይዞ ቆሟል። እኛ ሁለት ብልጦች ስድስት፣ ሰባት ሳምንት ከዓሣው አጠገብ ሁለት ድስት ስናሰልፍ!

በአንድ መጥበሻ ጠበስን። በአንድ ቢላዋ። በአንድ ትሪ ቀረበ፣ ሐጂ፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ወልዴ፣ ዘይነባ፣ እኔ። ሽሮ አብረን ስንት ጊዜ በልተናል፤ ድግስ ሲሆን ግን ዘጠኝ ዓመት እሷ በዚያ ድንኳን፣ እኔ በዚህ። ሐጂ እሾሁን እየለቀሙ ሥጋውን ወደኛ ይገፉታል። ዘይነባ አጎረሰችኝ። በጣም ትልቅ ነበር፣ ልታንቀኝ ነው መሰለኝ፣ ቂሟን ሁሉ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት።

ስንነሣ ወልዴ ከአጠገባችን ወዳለው የጽድ ዛፍ አመለከተ። ከላይ፣ ከአንዲት ጭልፊት ጎጆ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ ይውለበለባል። ሌባዋ እሷ ናት! ወጥቼ ላውርደው አለ። ተወው አልኩ። ልጆቿ ይሙቁበት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ዛሬ ሃያ ሰው በላ። ዓሣው አለቀ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ሰሌን ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ። ያቺ የባለፈው እናት ተመልሳ መጣች፣ ትንሿ ልጅ ጅራቱን እኔ ካልበላሁ ብላ አለቀሰች። ሰጠናት። አንዱ ድስት ውሃ ማፍያ ሆነ። ሌላውን ዘይነባ ለቤቷ ወሰደችው፣ ለዚያ ለኒካሁ። ቅቅሉን በራሷ ሥጋ እሷው ልትሠራ፣ ቅመሙን እኔ ላሳያት ነው። ምስጢር ነው አልኳት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ማታ

ጨረቃዋ ዛሬ ካልታየች ነገ ትታያለች ይላሉ። ዘይነባ ዓመቱን ሙሉ በጧት የምትነሣ ሴት፣ ረመዳን ሲሆን እንቅልፍ ይጥላታል። አምና ሁለቴ የሌሊቱን ምግብ፣ ሱሑሩን፣ ሳትበላ ነጋባት፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ዋለች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ ነበር።

ዘንድሮ አይሆንም። ወልዴ ለሥራ የሚይዘውን ባለደወል ሰዓት ሰጠኝ፣ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ሁለት ጊዜ እመታለሁ፣ መልሳ እስክትመታ ድረስ አልተኛም።