በገድሉ ያልነበረች መስመር

ጥቅምት ፬

ጭጋግ። ከአጥራችን ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ብራናው ረጥቦ ቀለም አልቀበል አለ። ሥራ የለም... እንግዲያው ንባብ!

ያንን የኢየሩሳሌም መንገደኛ መነኩሴ መጽሐፍ ጨረስኩት። ያዋሱን የደብራችን አለቃ፣ አለቃ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ መጽሐፍ ሲያውሱ ልጅ የሚድሩ ነው የሚመስላቸው። ምን ልበል? ስለ ጥም ሲያወራ የኔ ጉሮሮ ደረቀ። በቅሎው በረሃ ላይ ስትሞት አለቀስኩ። ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ግን በር ብቻ ይቆጥራል። ይህ በር፣ ያ በር፣ ደግሞ ያ በር... ሰውየው መድረስ አያውቅበትም። እዚያው በረሃው ላይ ቢቀር ይሻለኝ ነበር። (ይቅር ይበለኝ።)

ነጋዴው ዓወል ከአሊዩ አምባ ወጥቶ ነበር። ይህን ወረቀት የሰጠኝ እሱ ነው፤ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል።

«ምን ልትጽፊበት ነው?» አለኝ።

«ያነበብኩትን ልሳደብበት።»

ሳቀ። «ወላሂ፣ አንቺ ቃዲ መሆን ነበረብሽ።»

ጥቅምት ፱

ለወረቀቱም ቢሆን ልናዘዝ። የአባዬ ዓይን ሄዷል።

መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል፣ አንኮበር ላይ እጃቸው የተመሰገነ ቁም ጸሐፊ፣ ከፋሲካ ወዲህ ፊደል ከፊደል አይለዩም። የሚጽፈው የኔ እጅ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው በልጅነቴ አስተማሩኝ፤ ከባሌ ቤት ከጫጫ ስመለስም «ነይ፣ ብዕር ቅረጪ» አሉኝ እንጂ ለምን መጣሽ አላሉኝም። የሳቸውን እጅና የኔን እጅ የሚለይ የለም። ሰው ሲመጣ ብዕሩን ተቀብለውኝ ይጎነበሳሉ፤ እኔ እንዝርቴን አነሣለሁ። ሴት የጻፈችው ገድል ቤተ መቅደስ ገባ ቢባል... አለቃ ምን ይላሉ? ማሰቡም ያስፈራል።

«እስከ መቼ ነው አባዬ?»

«ይህችን አንዲት እንጨርስና።»

ባለፈውም እንዲሁ ብለው ነበር። ይህች «አንዲት» የአባ ዘርአ ዳዊት ገድል ናት። ለደብሩ ያስጻፉት ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። አንድ ልጃቸው ገብረ ሕይወት ሳይሰናበታቸው መንኖ ከሄደ ሦስት ዓመቱ። አንድ ቃል እንኳ አልላከም። መጽሐፉን የሚያስጽፉት ስለ እሱ ብለው ነው።

ጥቅምት ፲፯

ከደብረ ብርሃን የመጣ የአንድ ደጃዝማች የዘመቻ ታሪክ። ሁልጊዜ ያሸንፋል። ፈረሱ እንኳ አይደናቀፍም። በሦስተኛው ቅጠል እንቅልፍ ወሰደኝ። ጸሐፊው ግብር ሲበላ ነው የጻፈው መሰለኝ፤ ጌታው ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩት።

ጥቅምት ፳፱

ዓወል ከባሕር ማዶ የመጣ የታተመ መጽሐፍ ደብቆ አመጣልኝ፤ በአማርኛ! ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ የደከመ የለ፣ የቸኮለ የለ። ማን ጻፈው? እጅ የለበትም። ባሏን ሰባት ዓመት የጠበቀች ሴት ታሪክ ነው። ባልየው ሲመጣ በአንድ ገጽ ይታረቃሉ። በአንድ ገጽ! የሰባት ዓመት ኩርፊያ ወዴት ሄደ? ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ተናድጄ፣ ተናድጄ ደግሞ ከፈትኩት... ይኸ ምን ይባላል?

ኅዳር ፲፩

ዛሬ ገድሉን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ።

አባ ዘርአ ዳዊት በአሥራ አምስት ዓመቱ ሲመንን እናቱ ሦስት ቀን ተከተለችው። ወንዝ ዳር ወደቀች። ስሙን ጠራችው። እሱ አልዞረም። ጸሐፊው በዚህ ያመሰግነዋል! ጠጠርም አይዞርም፤ እሱንም ያመሰግነዋል?

«ለምን ዘወር አላለም አባዬ?»

«ዘወር ቢል ይመለሳላ።»

«ዘወር ብሎም መሄድ ይቻላል እኮ።»

«ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይፈርድም።»

አይፈርድም... እኔ ጫጫ ስዳር በቅሎዋ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ዘወር አልኩ! እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየኋትም። ያን ጊዜ ባልዞር ኖሮ ዛሬ ምኗን አስታውስ ነበር?

ኅዳር ፲፪

ጻፍኩት።

ምዕራፉ ያለቀበት ዓምድ ግርጌ ባዶ ቦታ ተርፎ ነበር። «ወተመይጠ ድኅሬሁ ወርእያ ለእሙ ወበከየ።» ወደ ኋላው ዘወር አለ፤ እናቱንም አያት፤ አለቀሰም። ይኸው ነው። ሙሉ መስመር እንኳ አይሆንም። ማታ ለአባዬ ሳነብላቸው ዘለልኳት። የተሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም።

ኅዳር ፳፰

አለቀ። እንደ ልማዱ መጨረሻው ላይ የጸሐፊውን ስም፣ የአባዬን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ ውግዘቱን፦ ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ ከቃሉ የፋቀ፣ በቃሉ ላይ የጨመረ የተወገዘ ይሁን።

«የጨመረ» የምትለዋን ጽፌ ተመልሼ አነበብኳት። በአባቴ ስም ራሴን አወገዝኩ? ወይስ እሳቸውን? ልመለስና ልፋቃት ስል የወይዘሮ አመተ ማርያም አሽከሮች ከደጅ ቆመው ኖሯል። ወሰዱት።

ታኅሣሥ ፲፭

የአባ ዘርአ ዳዊት ክብረ በዓል። ይህን ቀን ከሕይወቴ ቆርጠው ቢጥሉልኝ!

አለቃ ራሳቸው ገድሉን አነበቡ። ግዕዙን እያነበቡ ባማርኛ ይተረጉማሉ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። «ወደ ኋላውም ዘወር አለ፤ እናቱንም አያት...» ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የነቁት። ቀና አሉ። ተመልሰው ግዕዙን በሆዳቸው አነበቡ።

ከሴቶቹ መካከል አንድ ድምፅ ወጣ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። እንዲያ ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም፤ ልጃቸው የሄደ ለት እንኳ።

አለቃ መጽሐፉን አጥፈው ሌላውን ጸሎት ቀጠሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ።

ታኅሣሥ ፲፮

አለቃ ቤታችን መጡ። የገለበጥንበትን አሮጌውን ገድልና አዲሱን ጎን ለጎን ይዘው።

«መሪጌታ፣ ይህች ቃል ከየት መጣች?» አነበቡላቸው።

አባዬ አያውቁም። አያውቁም! ፊታቸው ወደኔ ሊዞር ሲል አየሁት፤ መልሰው ያዙት።

«ከኔ ናት» አሉ።

«አርባ ዓመት አንድ ነጥብ ያልጨመረ እጅ?»

«እርጅና ነው አለቃ።»

«እርጅና ያስረሳል። ደርሶ ደግሞ ይጨምራል?»

እኔ እንዝርቴን አሽከረከርኩ፣ እንደ ፈሪ።

ፍርዱ ይህ ነው። በሃያ ሁለት፣ በካህናቱ ፊት፣ አባዬ በገዛ እጃቸው መስመሯን ይፍቁ። እምቢ ካሉ ይወገዛሉ፤ በአርባ ዓመት የጻፏቸው መጻሕፍት ሁሉ ከየአጥቢያው ይለቀማሉ።

ታኅሣሥ ፲፯

«መስመሯን በቃልሽ አንብቢልኝ» አሉ አባዬ። አነበብኩላቸው።

«እናትሽ ናት» አሉ።

አለቀስኩ። ሄጄ ለአለቃ እናገራለሁ አልኳቸው። ተቆጡ።

«ዕውር ሲያጽፍ ኖረ ሊሉኝ ነው? እኔ እፍቃታለሁ። አንቺ ዝም።»

«አባዬ፣ መስመሯን አያዩዋትም!»

«ጣት አለኝ።»

እውነትም አላቸው። ብራና ከመጻፉ በፊት በወስፌ ይሰመራል፤ ጉድጓዱ ለጣት ይታወቃል። የኛ መስመር ከግርጌ ሁለተኛ ናት። በአሮጌ ቅጠል ላይ ይቆጥራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ካራውን ያሳርፋሉ።

ታኅሣሥ ፳

ዛሬ አሥር ጊዜ ሞከሩ። አሥሩንም አልሳቱም። «አየሽ?» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

ታኅሣሥ ፳፪

ሁሉንም እንደሆነው ልጽፈው።

በደብሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ካህናቱ ቆመዋል። ወይዘሮ አመተ ማርያም ተቀምጠዋል። እኔ ከሴቶቹ ኋላ። አለቃ መጽሐፉን ገልጠው በአባዬ ጉልበት ላይ አኖሩት። አባዬ ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳረፉ። ፈለጉ። እንደገና ፈለጉ...

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ወስፌ የሚያርፈው በአንዱ ገጽ ብቻ ነው። ቤት የተለማመድነው ጉድጓዱ ባለበት ገጽ ነበር፤ ያቺ መስመር ግን ያለችው በጀርባው ነው። እዚያ ጉድጓድ የለም፤ እምብዛም የማይዳሰስ እብጠት ብቻ። የጸሐፊ ልጅ ሆኜ፣ በገዛ እጄ ሰምሬው፣ እንዴት ረሳሁ?

ጣታቸው ሦስተኛዋ ላይ ቆመ። ካራውን አነሡ። ሦስተኛዋ ላይ ያለው በቀይ ቀለም የተጻፈው የጻድቁ ስም ነው።

«አባዬ፣ እሷ አይደለችም!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ካራውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«አንቺን ምን አገባሽ?» አሉ አለቃ።

«የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

«ያቺን ቃል?»

«መጽሐፉን ሁሉ። አባዬ አያዩም።»

አለቃ ጎንበስ ብለው የአባዬን ዓይን አዩ። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አወዛወዙ። አባዬ አልጨፈኑም። ካህናቱ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አንዱ «ሴት!» ሲል ሰማሁ።

አለቃ ወደ መጽሐፉ ዞሩ። ከዚያ፦ «ሌላውን ሁሉ ከአሮጌው ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ አንድ ግድፈት የለበትም» አሉ፤ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው እያማጡ። «መጽሐፉ ይቀመጣል። የመሪጌታ የቀድሞ መጻሕፍትም አይነኩም። ከእንግዲህ ግን ከዚያ ቤት ለዚህ ደብር ብራና አይገባም። አሁን ፋቂ።»

ፋቅሁ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ዓይናቸውን ከእጄ አልነቀሉም። መጀመሪያ «አለቀሰ»ን፣ ቀጥሎ «እናቱን»፣ ኋላ «ዘወር»ን። ጨምሬ አንድ፣ ፍቄ ሁለት፤ ውግዘቱ በሁለቱም ያገኘኛል።

ስንመለስ አባዬን እጃቸውን ይዤ መራኋቸው። በቀን፣ በሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ድምፃቸው ተሰብሯል።

ጥር ፭

ሥራ የለም። አባዬ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መስመር ይቆጥራል። መጽሐፍ የሚያውሰኝ ጠፋ። ያንን የታተመውን ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። ያ አንድ ገጽ አሁንም ያናድደኛል።

ጥር ፲፱

ወይዘሮ አመተ ማርያም መጡ፤ ብቻቸውን። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

«እውነት አልዞረም ነበር?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«በመጽሐፉ አልዞረም፣ እመቤቴ።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«አናደደኝ።»

መሬት መሬት አዩ። «ያን ለት ሰምቼ ገብቼ ተኛሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ኋላ ስትፍቂው አየሁ።» ቀና አሉና፦ «ወረቀት አለሽ?»

ይኸው ያሉኝ፦

«ልጄ ገብረ ሕይወት። የሄድክ ለት ተኝቼ አልነበረም። መዝጊያው ሲከፈት ሰምቻለሁ። ብነሣ ትቆጣኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። ግራጫዋ ላም ወልዳለች። አጥሩን ወደ ውጭ ስላሰፋሁት ደጃፉ ተለውጧል፤ ከመጣህ እንዳይጠፋህ። ተመለስ አልልህም። ደኅና ነኝ በለኝ።»

እኔ ጻድቁ ላይ ስፈርድ፣ እሳቸው ደግሞ ነቅተው አልተነሡም ኖሯል... ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘው ነበር?

«ናፍቀኸኛል» የምትል ቃል ብዕሬ ጫፍ ላይ መጣች። «አልቅሻለሁ» የምትልም። ላሟን አውጥቼ እሷን ባስገባ ልጁ ቶሎ ይራራ ነበር። ወይስ?

አነበብኩላቸው። «ያልኩሽ ብቻ ነው?» አሉ።

«ያሉኝ ብቻ ነው። የኔ የለበትም።»

ተቀብለው ጉያቸው ከተቱት። አባዬ ከፀሐዩ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። «እንዴት ነው፣ አንባቢዋ?» አሉኝ።

ዘንድሮ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም አልኳቸው። ሰባት መስመር ነው። ከግርጌው ቦታ ተርፎ ነበር፤ ባዶውን ተውኩት።