የላቦራቶሪ ኃላፊያችንን ኅልፈትና በቀብራቸው ሰዓት የሚሰጠውን የዓይን ጠብታ በተመለከተ

የዓይን ሕክምና ማዕከላችን የኮርኒያ ቁስል ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበሩት፣ ታካሚዎች «እትዬ ጠብታ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን፣ ትናንት ማምሻውን ከሥራ ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ በድንገት አርፈዋል። የማዕከሉ አስተዳደርና ሠራተኞች በእጅጉ አዝነናል። ከሐዘኑ ጋር ጭንቀትም እንደገባን አንደብቅም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

እትዬ ጠብታ ማዕከሉን የተቀላቀሉት በፋርማሲ ባለሙያነት ነበር። በዚያን ጊዜ ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ቆስሎ አልድን ላለው ሰው ከቅባትና ከፋሻ ሌላ የምንሰጠው አልነበረንም።

በሁለተኛው የሥራ ዓመታቸው ከታካሚው ከራሱ ደም ጠብታ ማዘጋጀት ጀመሩ። በደም ውስጥ የዕድገት ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ በቁስሉ ዳር ያሉ ሴሎች እንዲባዙና ባዶውን ቦታ እንዲሸፍኑ ያነሣሣሉ።

ላቦራቶሪው ሲቋቋም ደግሞ ፔፕታይድ በሚባሉ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች ላይ ምርምር አካሄዱ። ሴሎቹ ተንሸራተው ቁስሉን እንዲያለብሱ፣ የደነዘዘውም ነርቭ እንዲያገግም ያግዛሉ ያሏቸውን ለይተው፣ በተሰጣቸው ፈቃድ ለጥቂት ታካሚዎች በጠብታ መልክ በሙከራ ደረጃ ሰጥተዋል። ለሁሉም ሠርቷል አንልም፤ እርሳቸውም ብለው አያውቁም። ሐኪሞች ውጤቱን ማድነቅ ሲጀምሩ «በዓይናችሁ እንዳትበሉብኝ» ብለው ይቀልዱ ነበር።

ይህ ጠብታ ሙቀት አይችልም። በየማለዳው አዲስ ተዘጋጅቶ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ላቦራቶሪው በማንም ሐዘን እንዳይዘጋ የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችን አኩርፈናል፤ ልበ ደረቅ ናቸው ያልንም አለን። እናታቸው ያረፉ ዕለት ግን በጥቁር ልብሳቸው ላይ ነጭ ጋዋን ደርበው መጡ፤ ጠብታውን አዘጋጅተው ወደ ለቅሶው ተመለሱ።

ዛሬ ያ ውሳኔ በራሳቸው ላይ ደረሰ። ቀብራቸው ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው። በአስተኝቶ ማከሚያ ክፍላችን አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። አንድ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቷል፤ የቀረው ዓይናቸው ቁስል በእትዬ ጠብታ ጥረት መሸፈን ቢጀምርም ግማሹ ገና ክፍት ነው። ጠብታው አሁን ቢቋረጥ ኮርኒያው ይበሳል ብለው ሐኪሞቻችን ይሰጋሉ። ድብልቁን ከሟች ሌላ የሚያውቁት የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ኃላፊያቸው አጠገባቸው ሳይቆሙ ሠርተው አያውቁም። ዛሬ ማለዳ ሲያዘጋጁ የመጀመሪያውን ስላላመኑት ደፍተው እንደገና እንደጀመሩ ነግረውናል። ፈርተናል።

ልብስ ሰፊው በበኩላቸው በእሳቸው ዓይን የተነሣ ሰው ከቀብር መቅረቱ እንዳሳፈራቸው ገልጸው፣ ለአንድ ቀን ይቅርብኝ ብለው ለምነዋል። አልተቀበልናቸውም።

ስለዚህ ጠብታው ቢበላሽ እንደገና የሚያዘጋጁት ቴክኒሻናችንና በየሁለት ሰዓቱ የሚሰጡት ነርስ፣ ከሁላችንም ይበልጥ ለሟች የሚቀርቡት ሁለቱ፣ ነገ ከቀብሩ ይቀራሉ። ቤተሰቡ ምን ይለናል የሚለው ስጋት ቀኑን ሙሉ ዕረፍት ነስቶን ዋለ። ከቀትር በኋላ የአስተዳደሩ ተወካዮች ቤታቸው ሄደው ጉዳዩን ለመናገር ዳር ዳር ሲሉ፣ ባለቤታቸው ቀድመው ተረዱት።

«ጠብታው ይሰጥ» አሉ። «እሷን ለመቅበር እኛ እንበቃለን።»

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለታናሽ እህታቸው ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን። ሌሎች ተረኛ ያልሆኑ ሠራተኞቻችን በሙሉ በሥርዓተ ቀብሩ ላይ ይገኛሉ። ነገ ወደ ማዕከሉ የምትመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ በላቦራቶሪው መስኮት በኩል የምታዩአቸው ሁለቱ ባልደረቦቻችን ሐዘንተኞች ናቸውና፣ ከሥራቸው ሳታስቆሟቸው እግዜር ያጽናችሁ በሉልን።