ሞረድ ያልነካው ሳንቲም

አስማዬ፣

ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ውስጥ ሳንቲም ሰብሳቢዎች መሀል ተቀምጫለሁ። አንዱ አንበሳው ፊት የሌለው የአንድ ብር ሳንቲም አምጥቶ «የፋብሪካ ስህተት ነው» አለ። በስልኬ መብራት ሳየው ጠርዙ ተጨፍልቋል፣ ጭረትም አለው። «በኋላ የተመታ ነው» አልኩት።

ከዚያ የአባትሽን ሳንቲም አወጣሁ። የዚህም አንበሳ ፊት የለውም፤ ጠርዙ ግን ሙሉ ነው፣ ጭረት የሚባል የለበትም። እየተቀባበሉ አገላብጠው ከፋብሪካው እንዲሁ እንደወጣ አመኑ። ደሴ ባለሱቁ በሰው ፊት አባትሽን «ሞርደውት ነው» ያላቸው ሳንቲም እኮ ነው። እኛ ሰፈር ሰውየውን አይተው ይፈርዳሉ፤ እዚህ ሳንቲሙን ያያሉ።

ሽጪልን ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ቅዳሜ ስመጣ ከአባትሽ ጋር ወደዚያ ባለሱቅ እንሄዳለን፤ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው።

ሰዓዲያ