የከፋው ሁሉ «የካፋ» የሆነበት ፋይል

ለክቡር አቶ ሣህሌ፣
በቦንጋ የሚገኝ፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው ሕክምና ተቋም የመረጃ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሆንልኝ እመኛለሁ፤ ኖትፓድ በሚሉት የኮምፒውተር መጻፊያ ላይ ተደፍቶ ለሚውል ሰው ዓይን ያስፈልገዋልና።

የምጽፍልዎ ከዋጫ ከተማ ይዣት ስለመጣኋት እናቴ ስለ ወይዘሮ ዙፋን ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት አግኝቶባት የሕመም ደረጃዋን «የከፋ» ብሎ አስመዝግቧት ነበር። በየመንፈቁ የሚመጣው የቀዶ ሕክምና ቡድን «የከፋ» የተባለውን ያስቀድማልና ተስፋ አድርገን ሰነበትን።

፩. የዞናችንን ስም ለማቃናት በመነሣትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ከፋ» እየተባልን በስማችን ሳይቀር ስንከፋ ኖረናል፤ «ካፋ» መባላችን ተገቢ ነው። ይሁንና የመመዝገቢያው ፕሮግራም የዞን ስም ያለበትን ዓምድ ብቻ ለይቶ ማረም እየቻለ፣ እርስዎ «እኔ በእጄ ያልነካሁትን አላምንም» በሚለው የቆየ መመሪያዎ ጥሬውን ፋይል በኖትፓድ ከፍተው፣ «ከፋ» የሚለውን ሁሉ፣ የትም ይገኝ የት፣ በአንድ ትእዛዝ «ካፋ» አደረጉት።

፪. በዚህም እናቴ «የከፋ» መሆኗ ቀርቶ «የካፋ» ሆነች። ተራ የምትጠራው ወይዘሪት ማርቲ ይህን አይታ፣ እዚህ የተሰለፈው ሁሉ የካፋ ሰው ስለሆነ በትውልድ ቅድሚያ እንደማይሰጥ በትሕትና አስረዳችን። ፍትሐዊነቷን ሳላደንቅ አላልፍም። ቡድኑም «የከፋ» ታማሚ ፈልጎ አንድ እንኳ ስላጣ፣ ቀላል የተባሉትን አክሞ፣ የአካባቢውን ጤንነት አመስግኖ ሄደ። ያለ አንዳች መድኃኒት ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጠዋት ያዳነ እጅ ከእርስዎ በቀር አላውቅም።

፫. አቤት ብዬ ስመጣ የክፍልዎ ሠራተኞች፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱን ከመካከላቸው ማንም ከፍቶት በማያውቀው የመመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ ጣሉት። እርስዎም ወዲያው ተስማሙ።

ክቡር ሆይ፣ የእናቴ ግራ ዓይን ጠፍቷል። ተናድጃለሁ፤ በዚህ ሁሉ አክብሮት ውስጥ ንዴቴ ካልታየዎት ልንገርዎ ብዬ ነው። ቀኙ ግን ገና ያያል፤ ቡድኑም ከጥምቀት በኋላ ይመለሳል ተብሏል። እስከዚያ ያቺ አንዲት ፊደል በፕሮግራሙ፣ በትክክለኛው ዓምድ ላይ ትታረምልኝ ዘንድ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

እጅዎን እግዜር ያሳርፍልን እያልኩ፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣

ኢሳይያስ ወልደ ማርያም
ግብር ካፋይ (በእርስዎ ፋይል አጻጻፍ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ግራ ዓይኗ እንደማይመለስ ሲነገራት አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ከፋኝ» አለች። እባክዎ፣ ይህችን አይተኩብን።