የአባባ ሬዲዮ አረንጓዴ ዓይን

አዋሳ፣ መጋቢት 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለማትረሺኝ እትዬ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ ሳይቀሩ ደህና ናቸው? የጅማ ዝናብስ አልበረታባችሁም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ጾሙም አላደከማት፤ እኔን መቆጣት ምግብ ሆኗታል። ለቀድሞዎቹ ደብዳቤዎቼ መልስ አልጻፍሽልኝም። ቂም የያዝኩብሽ እንዳይመስልሽ ልልሽ ነበር፤ ይዣለሁ፣ ግን የዛሬው ወሬ ስለሚበልጥብኝ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ወሬው ይኸውልሽ፤ የአባባን ሬዲዮ መልሼ እየገጠምኩት ነው።

አትሳቂ። ያን ቀን መቼም አትረሺውም። ሽማግሌዎቹ የአባባን ንብረት ሊያካፍሉን ተቀምጠው ቤቱም ሱቁም በሰላም አልቆ፣ በአንድ ባለ አምፖል ሬዲዮ ተጣላን። ጋሼ ሽበሺ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ አለ፣ ብዙአየሁ ያስታመምኩት እኔ ነኝ አለ። አንቺ ደግሞ የአባባ ዓይን ከደከመ ወዲህ ጣቢያ ሲፈልግ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቢያው ሲያዝ የምትጠበውን አረንጓዴ ዓይን፣ ያቺን አምፖል፣ እያየሁ ጠበበች፣ ሰፋች የምለው እኔ ነበርኩ አልሽ። አቶ ወልደጻድቅ ነገሩ መረራቸውና፣ እንግዲያው ፈታታችሁ ተካፈሉት ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ሰውዬው በንዴት የተናገሩት ነበር። በእኛ ቤት ግን የሽማግሌ ቃል ፍርድ ነውና ጋሼ ሽበሺ ካቻቢቴ ሊያመጣ ተነሣ። ሽቦዎቹን እንኳ በመቀስ ነው የቆረጣቸው። ያን ክፉ ቃል ያወጣውም ያኔ ነው፤ ለባል የሄደች ሴት ከአባቷ ቤት ምን ቀራት አለሽ። አንቺም አረንጓዴዋን ዓይን በመሐረብ ጠቅልለሽ በነጋታው አውቶቡስ ተሳፈርሽ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጥሽም።

ለእኔ የደረሰኝ የሬዲዮው ሆድ ነበር፤ ያ ሽቦ የተተበተበበት ብረት። የፊዚክስ አስተማሪ ናት፣ ትወቅበት ተባለና ተሰጠኝ። እኔም አላወቅሁበትም፤ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ግን እማዬ የእሷን ድርሻ፣ የመስታወት አምፖሎቹን፣ ከሣጥኗ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል አገኘኋት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ የልጆቼ ነገር እንዲህ በየጓዳው ተበትኖ እስከ መቼ አለችኝ። ስለ ሬዲዮው አልነበረም የምታወራው። እኔ ግን የምችለው ሬዲዮውን ስለመሰለኝ በእሱ ጀመርኩ።

ሽቦዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ በተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ መሣል ያዝኩ። ሰሌዳ ላይ የምሥለው ሰርኪዩት ጥርጊያ መንገድ ነው፤ የዚህ ሆድ ግን የበግ አንጀት ነው። ቀዩን አገኘሁት ስል ከሌላ ቀይ ጋር ተጠላልፎ ይጠፋብኛል። በንዴት እርሳስ ሰብሬያለሁ። በመጨረሻ ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግነውን ጠሀን አማከርኩት። እሱም ከአንቴናው በኩል አትነሺ፣ ከድምፅ ማጉያው ጀምረሽ ወደ ኋላ ተመለሺ አለኝ። ጥሩ ምክር ነው። ድምፅ ማጉያው ግን ብዙአየሁ ዘንድ ነበር።

ብዙአየሁ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከቴፑ ጋር አያይዞታል። በመሃል ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሻይ ቤት የለም እያለ ይኮራበታል። ስጠይቀው፣ ደንበኞቼ ለሻይ የሚመጡ መሰለሽ እንዴ ብሎ አባረረኝ። ለእማዬ ነገርኳት። በማግሥቱ ሄዳ በሩ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሻይ ሲላት ጾም ነኝ፣ ውሃ ሲላት ጾም ነኝ፤ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ደንበኛው ሁሉ እሷን እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ብዙአየሁ ራሱ ካቻቢቴውን ይዞ ወንበር ላይ ወጣ።

የእንጨቱ ሣጥን ደግሞ ታቦር ሰፈር፣ ጋሼ ሽበሺ ቤት ነው። ልጠይቀው ስሄድ ሚስቱ ፅጌ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ ዶሮ ታቅፋበታለች። አባባ አቧራ እንዳይነካው ጥልፍ ያለብሰው የነበረውን ሣጥን። ጋሼ ሽበሺ አፈረ፤ አፍሮም ቢሆን ዶሮዋ እስክትፈለፍል ጠብቂ አለኝ። ጠበቅኩ። ጫጩቶቹ ሲወጡ ሣጥኑን ጠርጎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ በሚሠራበት ጋሪ ጭኖ ራሱ አመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠው በኋላ አልሄደም። የዓይኗን ቀዳዳ በጣቱ እየዳበሰ፣ ትመጣ ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ለምን አትጽፍላትም ስለው፣ ምን ብዬ አለኝ። ያ ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት እንደቆመበት ፅጌ ነግራኛለች። ኩሩ ነው፣ ታውቂዋለሽ፤ አንቺም ብትሆኚ አታንሺም።

ጣራው ላይ የአንቴና ሽቦ ስንዘረጋ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር አይቶን ኖሮ፣ ለማን ነው መልእክት የምታስተላልፉት ብሎ መጣ። እማዬ ቀበል አድርጋ፣ ጅማ ላለችው ልጄ ነው፣ እሷ ግን አትመልስልኝም አለችው። ሰውዬው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ከዚያ ሳቀ። ሬዲዮ መስማት እንጂ መናገር እንደማያውቅ አስረድቼ፣ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

እንግዲህ አይጥ የበላውን ሽቦ ቀይሬያለሁ፤ የደረቁትን ካፓሲተሮች አውጥቼ ጠሀ ባመጣልኝ ተክቻለሁ። ጋሼ ሽበሺ በመቀስ የቆረጠውን ጫፍ ሁሉ ከባለቤቱ ጋር አገናኝቼ በይጃለሁ፤ ጣቴንም አቃጥያለሁ። የቀረችው ያቺ ያንቺ ዓይን ብቻ ናት። ወደ እሷ የሚሄዱትን ሽቦዎች አግኝቻቸዋለሁ፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ትቻቸዋለሁ። ያለ እሷ ይህ ሬዲዮ ትንፍሽ አይልም። ኤሌክትሪኩ ሁሉ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው፤ ይህን የምልሽ በፊዚክስ አስተማሪነቴ ስለሆነ አትከራከሪኝ።

በፖስታ እንዳትልኪያት፤ መስታወት ናት። በሰው እንዳትልኪያት፤ ሰው ይረሳል። ጉያሽ ውስጥ ይዘሽ፣ ልጆችሽን አስከትለሽ፣ ለፋሲካ ራስሽ አምጪያት። ጋሼ ሽበሺ መናኸሪያ ጋሪ ይዞ ሊጠብቅሽ ቆርጧል። የምትመጪበትን ቀን ካልጻፍሽልን በሕማማቱ ሳምንት በየቀኑ እየወጣ አውቶቡሱን ሲቃኝ ሊውል ነው፤ ለጋሪው ደንበኞች ስትዪ እንኳ ጻፊ። እኔም ናፍቀሽኛል እትዬ። የምቆጣው ሰው አጥቼ አይደለም፣ የሚያስቀኝ አጥቼ ነው።

እማዬን ምን ልጻፍልሽ ብዬ ብጠራት፣ ዜናው እስኪያልቅ ታገሺ አለችኝ። ታገሥኩ። ዜናው ሲያልቅ ዘፈን መጣ፤ በጾም ዘፈን አልሰማም ብላ የአባባን ሬዲዮ ዘጋችውና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አምፖሏን ብትረሳትም ግድ የለም፣ እሷ ብቻ ትምጣ በያት ብላሻለች። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሻለሁ።

የአባታችን አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ ለትንሣኤው በአንድ ገበታ ያሰባስበን።

ደጅ ደጁን የምታይ ታናሽ እህትሽ